«ደህና ነዎት አይደል?»

አንድ ንጉሥ በአገሩ ጧሪ ላጣ አረጋዊ ሁሉ ከጎተራው ስንቅ፣ ከአገልጋዮቹም ረዳት ሊሰጥ አሰበ። የተቸገሩትን አጣርቶ እንዲመጣም አንድ ባለሟሉን ላከ። ባለሟሉ አጃቢዎቹን አስከትሎ እመት አስካለ ደጃፍ ደረሰ።

እመት አስካለ የሚኖሩት ከልጃቸው ከወርቅነህ ጋር ነው። ምራታቸው ለመውለድ ወላጆቿ ቤት ሄዳለች። ወርቅነህ ጎህ ሳይቀድ እርሻ ወርዶ ሲመሽ ይመለሳል። የእሳቸው እጅ ደግሞ ስለሚንቀጠቀጥ እሳት ማንደድ አይሆንላቸውም፤ ቀኑን ሙሉ እህል ሳይቀምሱ ይውላሉ። ልጃቸው ሲጠይቃቸው «ሱባኤ ገብቻለሁ» ይሉታል። እሱን ቤት አስቀርተው እርሻው ጦም ቢያድር የባሰ ነውና።

ዕለቱ በዓል ስለነበር ወርቅነህ ከጎናቸው ቆሟል። ባለሟሉ ከበቅሎው እንኳ አልወረደም።

«እመት፣ በንጉሣችን ዘመን ደህና ነዎት አይደል? ልጅዎም በደንብ ይጦርዎታል አይደል?»

«ተመስገን ጌታዬ። ልጄን ይባርክልኝ፤ ለንጉሡም ዕድሜ ይስጥልኝ።»

ምን ሊሉ ኖሯል? በእንግዳ ፊት የልጇን ገመና የምታወጣ እናት የት አለች?

በየቤቱም መልሱ ይኸው ሆነ። ባለሟሉ «ጃንሆይ፣ በአገርዎ የተቸገረ አረጋዊ የለም» ብሎ አቀረበ፤ ስንቁም ከጎተራ ሳይወጣ ቀረ።

ክረምት ሲገባ ግን የአረጋውያን መርዶ በረከተ። ንጉሡ «ደህና የሆነ ሰው እንዲህ አይረግፍም» አለና ያሳደጉትን አሮጊት ሞግዚቱን ላከ። ሞግዚቷ ያለ አጃቢ፣ ወርቅነህ እርሻ በዋለበት ቀን መጡ። መደቡ ላይ ተቀምጠው መጀመሪያ ስለ ገዛ ጉልበታቸው ሕመም አወሩ።

ከዚያ «እህቴ፣ ትናንት ቀን ምን ቀመሱ?» አሉ።

እመት አስካለ «ውሃ» አሉ።

«እሳቱንስ ማን ያነድልዎታል?»

እንባቸው ቀደማቸው፤ ሁሉንም ተናገሩ። በማግስቱ ረዳት ስንቅ ይዛ መጣች። ጎረቤታቸው አባ ደምሌ ግን አልደረሰላቸውም። እሳቸው ለባለሟሉ «ተመስገን» እንዳሉ ተቀብረዋል።

እመት አስካለ ያው ነበሩ፤ ረሃባቸውም ያው። የተለየው ጠያቂውና አጠያየቁ ነው። «አይደል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን ከቤቱ ይዞ የመጣ ነው፤ ሽማግሌ ደግሞ ጨዋ ስለሆነ እንግዳውን አያሳፍርም። እውነቱን የሚሻ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ፣ ብቻቸውን ያግኛቸው፣ የዋሉበትን ይጠይቅ።

እርስዎስ እናትዎን መጨረሻ ያገኟቸው ዕለት ምን ብለው ነበር የጠየቋቸው?