ያየሽው ነው የሰማሽው?

አንድ ጊዜ አንበሳ ለዱሩ ሁሉ ዜና የሚያሰማ ጣቢያ ከፈተና ለክረምቱ አንድ ተለማማጅ እንደሚፈልግ አስነገረ። ለቃለ መጠይቅ የተጠሩት ሦስት ነበሩ፤ ጅብ፣ ቀበሮና አህያ።

ቦታውን ከሁሉ አብልጣ የፈለገችው አህያ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ የሌላውን እህል ስትሸከም ኖራለችና አሁን ደግሞ ወሬ ብትሸከም ደስ ይላታል። ጭነቷን እንደተሸከመች ጣቢያውን ሳታዳምጥ የዋለችበት ቀን የለም። ግን ፈራች። በር ላይ ቀበሮን ስታገኘው «አያ ቀበሮ፣ ምን ይጠይቁን ይሆን?» አለችው።

«ምንም! ብቻ የአንበሳን ጎፈር አድንቂለት። ‹ጥያቄ አለሽ ወይ?› ካለሽ ደግሞ ‹የለኝም› በይ፤ ጠያቂ አይወድም» አላት። አህያም የዋህ ናትና አመሰገነችው።

ጅብ ቀድሞ ገባ። ገና ከደጃፉ «ቁርበት አንጥፉልኝ!» አለ። ይህን የሚለው በማያውቁት አገር ነበር፤ እዚህ ግን ሁሉም ያውቀዋል።

«ስለ ጣቢያችን ምን ታውቃለህ?» አለው አንበሳ።

«ለምሳ አጥንት እንዳለ!»

ወዲያው ተሸኘ። የተነጠፈለትን ቁርበት ግን እየበላ ወጣ።

ቀጥሎ ቀበሮ ገባ። በሩ ገርበብ ስላለ አህያ ሁሉን ትሰማለች።

«የዛሬን ዜና ንገረኝ» አለው አንበሳ።

«ጎፈርዎ እንዴት ያምራል ጌታዬ! ዜናውማ፣ የወንዙን ድልድይ ጎርፍ ወሰደው፤ ሦስት ፍየሎችም ሞቱ!»

«ያየኸው ነው የሰማኸው?»

«አገር ያወራዋል፣ ጌታዬ!»

አህያ ደነገጠች። ድልድዩን የተሻገረችው ዛሬ ማለዳ ነው። ተራዋ ደርሶ ገባች። አንበሳ ያንኑ ጠየቃት።

«ድልድዩ አለ፤ ከመሃሉ አንድ እንጨት ብቻ ተነቅሏል። ፍየሎቹ ሁለት ናቸው፤ ፈርተው ከወዲያ ማዶ ቀሩ እንጂ አልሞቱም። ራሳቸውን ጠይቄያቸዋለሁ» አለች።

«ጥያቄ አለሽ?»

የቀበሮ ምክር ትዝ አላት። ቦታው ካመለጣት ነገም ያው ጭነት ነው፤ ዝም ብትል ይሻላት ይሆናል። አፏ ግን እምቢ አላት።

«አንድ አለኝ ጌታዬ። ትናንት ጣቢያችሁ ‹ቆላው ዝናብ አገኘ› ብሎ ነበር። እኔ ትናንት ቆላ ነው የዋልኩት፤ ጠብ አላለም። ያንን ዝናብ ያየው ማን ነው?»

አንበሳ ወለሉን በጅራቱ መታ መታ አደረገ።

«ማንም አላየውም» አለ በመጨረሻ። «ነገ ማለዳ ነይ። መጀመሪያ የምታነቢው የዝናቡን እርማት ነው።»

ከዚህ የምንማረው ለዜና ሥራ ሊፈተን የሚቀርብ ሁሉ ጌታውን ከማሞገስ ይልቅ አይቶና አጣርቶ መናገር፣ ያልገባውንም ቢፈራ እንኳ መጠየቅ እንደሚገባው ነው።