ቺንጋው፣ ስልኩና እመት ዘርፌ

ዓመቱ ሁለት ሺህ አሥራ አንድ፣ ወሩ የካቲት ነበር። ፀሐዩ ይጠብሳል፤ ደመና የለም። እኔ ፈንቴ በጉማራ ወንዝ ዳር ሽንኩርት ተክያለሁ። ችግኙ ገና አሥር ቀኑ ነው። ውሃ የሚስበው ሞተር ቺንጋው፣ የጎማ ቀበቶው፣ ተበጠሰ። ችግኝ ያለ ውሃ ሁለት ቀን ይታገሣል፤ በሦስተኛው ይሞታል። እኔ ሁለተኛው ቀን ላይ ነበርሁ። የፈለግሁት አንድ ቺንጋ ነው። ሌላ አልፈለግሁም።

ወረታ ሄጄ የእርሻ ዕቃ ከሚሸጥ መደብር መጋዘን ገባሁ። ጠባቂው ጥጋቡ ይባላል። ቺንጋው በያይነቱ ከጀርባው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

«አንዱን ስጠኝ» አልሁት።

«የትኛውን፣ አያ ፈንቴ? ቁጥሩ ይለያያል። መካኒኩ ስጦታው ቁጥሩን በመደብሩ ስልክ ሳይነግረኝ አልሰጥም። በሞባይልም ቢለኝ አልሰማም። አምና አንድ ሌባ ‹ስጦታው ነኝ› ብሎ በሞባይል ደውሎ የትራክተር ጎማ አስወጥቶብኛል።»

ወደ መደብሩ ጋራዥ ሄድሁ። ጋራዡ የከተማው ሌላ ጫፍ ነው። ስጦታው ትራክተር ሥር ተኝቷል። የሚታየው እግሩ ስለሆነ እግሩን አናገርሁት።

«ቁጥሩንማ አውቀዋለሁ» አለ እግሩ። «ስልኩ ግን ተይዟል። የመደብሩ መስመር አንድ ነው፤ ለሦስት ቤት፣ ለመደብሩ፣ ለመጋዘኑና ለጋራዡ፣ ተቀጥሏል። አንዱ ሲያወራ ሁለቱ ዝም ነው።»

እንግዲህ ቺንጋው ያለ ጥጋቡ አይወጣም፤ ጥጋቡ ያለ ስጦታው አይሰጥም፤ ስጦታው ያለ ስልኩ አይናገርም፤ ሽንኩርቴም ውሃ ይላል።

ማን እንደያዘው ለማየት መደብሩ ሄድሁ። የያዘችው ጸሐፊዋ የሺወርቅ ናት።

«ዝጊው፣ ልጄ» አልኋት።

ማነጋገሪያውን በመዳፏ ሸፈነች። «አማቴ እመት ዘርፌ ናቸው፣ አያ። በአማት ላይ ስልክ ይዘጋል?»

አይዘጋም። ይህን እኔም አውቃለሁ።

«ምን እያሉሽ ነው?»

«ሰላም እያሉኝ። ከልጆቹ ጨርሰው ጎረቤት ላይ ናቸው። ገና ከብት አለ። ዶሮም አለ።»

እንግዲህ ቺንጋው ያለ ጥጋቡ አይወጣም፤ ጥጋቡ ያለ ስጦታው አይሰጥም፤ ስጦታው ያለ ስልኩ አይናገርም፤ ስልኩ ያለ የሺወርቅ አይለቀቅም፤ የሺወርቅ ከአማቷ ቀድማ አትዘጋም፤ አማትየው ዶሮው ሳይቀር ሰላም ካላሉ አይዘጉም፤ ሽንኩርቴም ውሃ ይላል።

«እኔ ላናግራቸው» ብዬ ስልኩን ተቀበልኋት።

«እመት ዘርፌ፣ ይዝጉት። ሽንኩርቴ ሊሞት ነው።»

«አንተ ደግሞ የማን ልጅ ነህ?»

«የአዝመራው።»

«የባሕር ዳር ዙሪያው አዝመራው ነው ወይስ የወንዝ ዳሩ?»

«የወንዝ ዳሩ።»

«እሱማ የባሌ ሚዜ ነበር። እንዴት ከረምህ፣ ልጄ? እናትህስ? እኅቶችህስ? በሬያችሁ ቦራስ? ያነክስ አልነበር፤ ዳነ?»

ቦራ ከሞተ ሠላሳ ዓመቱ ነው። ይህንኑ ነገርኋቸው። አዘኑ። ያጽናኑኝ ጀመር። ለአባቴ ሚዜነት ስል ቆሜ ሰማሁ። ጥቂት ቆይቼ ስልኩን ለየሺወርቅ መለስሁላት። እኔም የምዘጋ ሰው ሆኜ አልተገኘሁም።

ጠረጴዛው ሥር አንድ ካርቶን አየሁ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አዲስ ስልክ ነው፤ በኢንተርኔት የሚሠራ። ማህደር የምትባል ባለሙያ ናት የምትገጥመው። ስንደውልላት ትመጣለች።»

«ደውሉላት እንጂ።»

«በምን? ስልኩ ተይዟል።»

«ካርቶኑ መቼ መጣ?»

«ጥቅምት።»

እንግዲህ ቺንጋው ያለ ጥጋቡ አይወጣም፤ ጥጋቡ ያለ ስጦታው አይሰጥም፤ ስጦታው ያለ ስልኩ አይናገርም፤ ስልኩ ያለ የሺወርቅ አይለቀቅም፤ የሺወርቅ ከአማቷ ቀድማ አትዘጋም፤ አማትየው ዶሮው ሳይቀር ሰላም ካላሉ አይዘጉም፤ አዲሱ ስልክ ያለ ማህደር አይገጠምም፤ ማህደር ካልተደወለላት አትመጣም፤ ሽንኩርቴም ውሃ ይላል።

«ቤቷ የት ነው?» አልሁ።

የሺወርቅ በመስኮት አሳየችኝ። ከመንገዱ ማዶ ነው።

መንገዱን ተሻገርሁ። ማህደርን «ተነሺ» አልኋት። ተነሣች። መደብሩ ገብታ ካርቶኑን ከፍታ ሽቦ ስትሰካ ያስረዳችኝ ይህን ነው።

«በዚህኛው ብዙ ሰው በአንዴ ያወራል፣ አባባ። አንዱ ሌላውን አይዘጋም። በጥጋቡና በስጦታው ሞባይልም አስገባዋለሁ፤ የመደብሩ ስልክ በኪሳቸው ይሆናል። የደወለው ሠራተኛ ስሙ ይወጣል፤ ሌባ ‹ስጦታው ነኝ› ቢል አያዋጣውም።»

«እመት ዘርፌስ?»

«አሮጌውን ለእሳቸው እንተውላቸው።»

መጋዘኑም ጋራዡም ድረስ ይዣት ዞርሁ። ጥጋቡ ሞባይሉን ለማስረከብ አመነታ፤ አየሁት፤ ሰጠ።

ያን ጊዜ እመት ዘርፌ ዶሮዎቹ ላይ ደርሰው ነበር፤ አልዘጉም፤ ግድ የለም። የሺወርቅም አልዘጋችም፤ ግድ የለም። አሮጌው ስልክ አልተለቀቀም፤ ግድ የለም። ስጦታው ትራክተር ሥር እንደተኛ በአዲሱ ደወለ፤ «ቢ ስድሳ ሁለት» አለ፤ ጥጋቡ ስሙን አየ፣ ድምፁን ሰማ፤ ቺንጋውን አወረደ፤ ቺንጋው ሞተሩን አዞረ፤ ሞተሩ ወንዙን ሳበ፤ ሽንኩርቴ ጠጣ።

መጠባበቂያ ቺንጋ እንዲኖረኝ ወሰንሁ። በማግስቱ ከማሳዬ ሳልወጣ ወደ መደብሩ አዲስ ስልክ ደወልሁ። ስጦታው ለቅሶ ቤት ነበር፤ ከዚያው ሆኖ አነሣና ቁጥሩን ለጥጋቡ ነገረው። ጥጋቡ ቺንጋውን በሚኒባስ ላከው። መንገድ ዳር ወጥቼ ተቀበልሁና ተመልሼ ቦዩን ከፈትሁ።