ውሻው ታሰረ፣ ጥላው ሄደ

አንድ የደጋ ባለጸጋ ለልጁ ሚስት ሊጠይቅ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ ወደ ቆላ ወረደ። ወሩ ሚያዝያ ነበር። አይደፈር የሚባለው ጸጉረ ብዙ ውሻውም ተከተለው። ሽማግሌዎቹ «ይቅር፣ ሙቀቱን አይችለውም» ቢሉት «እኔ የቻልኩት እሱን ምን ያቅተዋል?» አለ። እሱ በበቅሎ ነበር የሚሄደው፤ ጃንጥላም ይዟል።

ረፋድ ላይ ከልጅቷ አባት ቤት ደረሱ። ባለጸጋው ክፉ ሰው አልነበረም። ውሻው የሰው ዶሮ እንዳያባርር ብሎ ጎተራው ጥላ ውስጥ ከችካል ጋር አሰረው፤ ውኃ አጠጣው፣ አናቱን ዳሰሰውና ገባ። ከዚያ በኋላ ውሻ እንዳለውም ረሳ።

ትልቁ ሽማግሌ «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ብሎ የመጡበትን ጉዳይ ተናገረ። ዝምድና እንዳይኖር እስከ ሰባት ቤት ዘር መቆጠር ነበረበት። ዘር ሲቆጠር ደግሞ ማን ይቸኩላል? አምስተኛው ቤት ላይ ሲደርሱ ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታ ነበር፤ ሰባተኛውን ሲጨርሱ አልፋለች።

በመጨረሻ ባለጸጋው «ልጃችሁን ፀሐይ አይነካትም። የማኖራት በእኔ ጥላ ሥር ነው» አለ።

ይህን ሲል ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ርሷል።

«ምን ሆነሻል?» አላት አባቷ።

«የእንግዳው ውሻ ሊሞት ነበር፣ አባዬ።»

ባለጸጋው ደነገጠ። «እኔ እኮ ጥላ ውስጥ ነው ያሰርኩት።»

«ልክ ነዎት አባባ፣ ሲያስሩት ጥላ ነበር» አለች። «ውሻውን አሰሩት እንጂ ጥላውን አላሰሩትም።»

ባለጸጋው ተነስቶ ወጣ። ችካሉ ፀሐይ ላይ ተገትሯል። ውሻው ገመዱ እስከፈቀደለት ድረስ ወደ ጎተራው ተስቦ መሬቱን ቧጥጦታል፤ ጥላው ግን ወደ ማዶ ዞሯል። አሁን አይደፈር በግቢው ካለው ግራር ሥር እርጥብ ጆንያ ላይ ተጋድሟል። ልጅቷ እግሩንና ሆዱን አርሳ፣ ከመዳፏ ጥቂት በጥቂት እያጠጣች ነበር ያተረፈችው። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ ይህኛው መጮህም ተስኖት ነበር። ጌታውን ሲያይ ግን ጭራውን አንዴ አወዛወዘ። ባለጸጋው ያን ጊዜ አለቀሰ፤ ቢነክሰው ይሻለው ነበር።

ወደ ቤትም አልተመለሰም። ከውሻው አጠገብ ተቀመጠ፤ የግራሩ ጥላ ፈቀቅ ባለ ቁጥር ጆንያውን እየጎተተ አብሮት ፈቀቅ አለ። ሽማግሌዎቹ «እንሂድ እንጂ፣ መንገዱ ሩቅ ነው» ሲሉት መዳፉን መሬት ላይ አሳርፎ «ገና ያቃጥላል» አላቸው። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ውሻውን በቅሎዋ ላይ አስቀመጠና እሱ በእግሩ ሊሄድ ተነሳ።

የልጅቷ አባት ይህን ሁሉ ከደጃፉ ቆሞ ያይ ነበር። ዘወር ብሎ ልጁን አያት፤ እሷም አንገቷን ደፋች።

«ለመስከረም ተመለሱ» አላቸው። «በማለዳ ተነሱና ውሻውንም ይዛችሁት ኑ። ልጄ ስለ እርስዎ ጥላ የምትጠይቀው እሱን ነው።»

የሚጎዳን ክፉ ሰው ብቻ አይደለም፤ በደህና ቦታ አስሮ የረሳንም ይጎዳናል። ጥላ ይዞራል። ጠዋት ያደረግነው ደግነት ቀትር ላይ የት እንደደረሰ ተነስተን ካላየን የሚነግረን የለም፤ የታሰረው አፍ የለውማ። እናንተስ፣ ጠዋት ጥላ ውስጥ ትታችሁት የወጣችሁት ማን ነው? ፀሐይዋስ አሁን የት ደርሳለች?