የመሬማ ውሃ

እንግዲህ ጆሯችሁን ስጡኝ። ያልነበረ አይወራም፤ የነበረም ሁሉ አይወራም። ይሄኛው ግን ነበረ፣ ይወራልም። የአያቴ አያት ገና ጥርስ ሳያበቅል፣ ቆላው ሁሉ ማሽላ ለብሶ፣ ሰውና ዝንጀሮ በአንድ ማሳ ሲጣሉ በነበረበት ዘመን፣ ቡርቂቱ በምትባል መንደር መሬማ የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረች።

መሬማ ባሏ ቀድሞ ሞቶባታል። ርስት የላት፣ በሬ የላት። ያላት ሁለት እጅና አንድ ልጅ ነው። ልጁ እብሬ ይባላል፤ ሃያ ዓመት ሞልቶታል። እሱ ከገደሉ ሥር አፈሩን ይቆፍራል፣ ይሸከማል። እሷ ታቦካለች፣ ትሠራለች፣ ትተኩሳለች። ሰዉ እንስራዋን ይገዛል፣ ዓይኗን ግን ይፈራል። በሠራችው እንስራ ውሃ እየጠጡ እሷን ቡዳ ይሏታል። ሰው እንዲህ ነው፤ እኔ ምን ላድርገው?

በዚያች መንደር ሹም አራጋው ይማም የሚባል ባላባትም ነበረ። ማሽላው ከዚህ ጋራ እስከዚያ ጋራ ነው። ከብቱ ውሃ ሲወርድ ምንጩ ይደፈርሳል። አንድ ቀን፣ ማሽላው እሸት በያዘበት ወራት፣ ጠባቂዎቹ ለዙህር፣ ለቀትሩ ሶላት ሲወርዱ ሹሙ ራሱ ማማው ላይ ወጣ። ወንጭፍ መወንጨፍ ይወድ ነበር።

ቡርቂቱ ውስጥ አንድ ደንብ አለ። ወንጭፍ የሚወነጭፍ ሰው አስቀድሞ «ሰው ካለህ ተናገር!» ብሎ ይጮሃል። ሦስት ጊዜ ይጮሃል፣ ጆሮውን ይጥላል፣ ከዚያ ይወነጭፋል። ሹም አራጋው አልጮኸም። ቢጮህ ዝንጀሮው ያመልጠዋል። ማሽላው ሲነቃነቅ አየ፣ ወነጨፈ። ድንጋዩ ያገኘው ዝንጀሮ አልነበረም። አፈር ተሸክሞ በማሳው ጥግ የሚያልፈውን እብሬን ነው። ጆሮ ግንዱን አለው። የተሸከመው አፈር እላዩ ላይ ፈሰሰ፤ ሰጋጆቹ ከመስጊድ ሳይወጡ ነፍሱ ወጣች።

መሬማ መጣች። አፈሩን ከፊቱ ላይ በነጠላዋ ጠረገች። አላለቀሰችም ይላሉ። እኔ ግን አልቅሳለች እላለሁ፤ አላለቀሰችም የሚሉት ያላዩዋት ሰዎች ናቸው።

ከቀብር በኋላ ሽማግሌዎች ዋርካው ሥር ተቀመጡ። የመንደሩ መስጊድ ሸህ፣ ሸህ ዘይኑ፣ ኪታባቸውን ገለጡ። «ሳያውቅ ነፍስ ያጠፋ ሰው ሁለት ነገር አለበት» አሉ። «አንዱ ደም ነው። ለሟች ቤተሰብ በከብት ይከፈላል፣ እነሱ ካልተዉት በቀር። ሁለተኛው ከፋራ፣ የጥፋት ማካካሻ ነው። ይሄ የአላህ ነው። ቀዳሚው ባሪያ ነጻ ማውጣት ነበረ፤ ቡርቂቱ ውስጥ ግን ባሪያ ያለው የለም። ስለዚህ ስልሳ ቀን ይጾማል። አከታትሎ ይጾማል። አንድ ቀን ካፈረሰ ከአንድ ይጀምራል።»

«ከብቱ ዛሬውኑ ይነዳላት» አለ ሹም አራጋው። ስለ ጾሙ ዝም አለ። ሽማግሌዎቹም ዝም አሉ። ከብቱ ከተነዳ ደሙ ይደርቃል፣ ጾሙም እንደ ዋዛ ይረሳል ብለው ነው። መሬማ ይሄን አየች። ከተቀመጠችበት ተነሳች።

«ከብቱን ለአላህ ብዬ ትቼዋለሁ» አለች።

ሽማግሌዎቹ ደነገጡ። «መሬማ፣ አንዲት ጥጃ እንኳን የለሽ! ምን ነካሽ?»

«የኔ የሆነውን ተውኩ። የአላህ የሆነውን ልተው ብል እንኳ አልችልም፤ የኔ አይደለማ! ሹሙ ይጹሙ። በገዛ ሆዳቸው ይጹሙ። እኔ እቆጥራለሁ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ መሬማ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ። ልጇ በላም እንዳይለወጥ ነው። የገደለው ሰው የልጇን ሞት በገዛ ገላው እንዲያውቀው ነው።

ሹሙ «እሺ» አለ። አፉ እሺ አለ እንጂ ሆዱ እሺ አላለም። አሽከሩን ኑርዬን ጠራና «አንተ ጹምልኝ፣ ጊደር እሰጥሃለሁ» አለው። ኑርዬ ድሃ ነው፣ ጊደር ደግሞ ጊደር ናት። ጾመ። ሹሙ ከአጥሩ ውስጥ ገንፎውን በቅቤ እያራሰ ይውጣል፤ ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ሲሆን ወደ በሩ ወጣ ይልና ቀኑን ሙሉ የተራበ መስሎ ተምር ይገምጣል። እዩልኝ እንግዲህ፣ የሰውን ድፍረት!

መሬማ በየመግሪቡ መጥታ ከበሩ ፊት ለፊት ትቀመጣለች። አንድ ጠጠር ትጥላለች፣ ትሄዳለች። አሥራ ሁለት ጠጠር ስትጥል ጊዜ፣ ኑርዬን ምንጩ ዳር ወድቆ አገኘችው። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ ጉልበቱ ከድቶታል።

«ምን ሆንክ ኑርዬ?»

«ጾም ይዤ ነው።»

«ምን ኖሮብህ?»

ኑርዬ መዋሸት አያውቅበትም። «የሹሙን ነው» አላት።

ጁምዓ ቀን መስጊዱ በር ላይ ቆመች። «ሸህ ዘይኑ!» አለች። «ሰው በሕይወት ላለ ሰው ይጾምለታል ወይ?»

«አይጾምለትም» አሉ ሸሁ።

«እንግዲያው ኑርዬን እዩት፣ ሹሙንም እዩዋቸው። ኑርዬ ከሳ፣ የሹሙ ቦርጭ ግን እንዳለ ነው።»

ሰዉ ሳቁን በጋቢው ሸፈነ። መሬማ ከሹሙ በር ለቅማ ያመጣቻቸውን አሥራ ሁለት ጠጠሮች በተነቻቸው። «አንድ ይበሉ፣ ጌታዬ» አለች።

ሹሙ አንድ አለ። አሁን ራሱ ጾመ፣ መጾምስ ጾመ። ሃያ ሦስት ቀን ጾመ። በሃያ አራተኛው ቀን ግን ጠዋት በቅሎውን አስጫነ። ሩቅ ገበያ እሄዳለሁ አለ። መንገደኛ ጾም ይፈታል የሚል ነገር ከአንዱ ሰምቶ ነው። መሬማ መንገዱ ላይ ቆመች፣ የበቅሎዋን ልጓም ያዘች።

«ቢሄዱ ይሂዱ» አለችው። «ሲመለሱ አንድ ይላሉ።»

«ከፊቴ ጥፊ!» አለና አለፈ። ሰባት ቀን ከርሞ ፊቱ እየወዛ ተመለሰ። ሸህ ዘይኑ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «መንገደኛ ረመዳንን ይፈታል፣ በኋላ ይከፍላል። ይሄኛው ተከታታይ ነው፤ ተበጠሰ» አሉ። ያን ጊዜ የሹሙ ደም ፈላ። አሽከሮቹን ላከ። ለገበያ ያደረሰችውን ሸክላ ሁሉ ሰባበሩባት። ከገደሉ ሥርም አፈር እንዳትቆፍር ከለከላት፤ ገደሉ የኔ ነው አለ።

መሬማ ስብርባሪውን በእጇ ለቀመች። ከዚያ አካፋዋን ይዛ ሩቅ ወንዝ ወረደች። ግማሽ ቀን ሄዳ ቆፈረች፣ ግማሽ ቀን በጀርባዋ ተሸክማ ተመለሰች። ልጅ ይሸከመው የነበረውን ነው እናት የተሸከመችው። ጎረቤቶቿ አዘኑላት፣ ተቆጧትም። «ተይ መሬማ፣ ሰማይ አይታረስ፣ ሹም አይከሰስ» አሏት።

«እኔ መች ከሰስኩት?» አለች። «ጹም ነው ያልኩት።»

ሹሙ ደግሞ ሦስተኛ ዘዴ አመጣ። ስልሳ ድሃ ማብላት ስልሳ ቀን ይተካል የሚል ወሬ ከመንገድ ላይ ለቀመ። ሦስት ሰንጋ አሳረደ። ከየመንደሩ ድሃ አስለቀመ፤ ዓይነ ስውሩ፣ አንካሳው፣ ባሏ የሞተባት፣ ሁሉም መጣ። ሸህ ዘይኑን በቀኙ አስቀመጣቸው። መሬማንም አስጠራት፤ ዓይኗ እያየ ነገሩ እንዲያልቅ ነው። የመንደሩ ሰው ደስ አለው። በዚች ሴት እልህ ስንት ወር አልተናወጥንም እንዴ፣ በልተን እንገላገል አለ።

መሬማ መጣች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ርቧታል። ሸክላዋ ከተሰበረ ወዲህ ጠግባ አታውቅም። የሥጋው ሽታ ሲመጣባት ምራቋን ዋጠች። ግን አልተቀመጠችም።

«ብሉ» አለች። «ሥጋው ሐላል ነው፣ ብሉ። ይሄ ስልሳ ድሃ የሚበላበት ድግስ ግን ረመዳንን አውቆ ላፈረሰ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ነፍስ ላጠፋም ይሆናል ሲባል አልሰማሁም። እኔ አፈር አቡኪ ነኝ፣ ኪታብ አላውቅም። ሸህ ዘይኑ፣ ተሳሳትኩ?»

ሸህ ዘይኑ ሥጋ ጠቅልለው ወደ አፋቸው እያስጠጉ ነበር። እጃቸው መንገድ ላይ ቀረ። ከዚያ የጠቀለሉትን መልሰው ገበታው ላይ አኖሩት።

«አልተሳሳተችም» አሉ። «ለነፍስ ከፋራ ማብላት አልተጻፈም። እኔ ይሄን እያወቅሁ ነው የተቀመጥኩት። አስተግፊሩላህ፣ አላህ ይማረኝ።»

የመንደሩ ሰው እጁን ከገበታው አነሳ። ስልሳዎቹ ድሆች ግን መብላታቸውን አላቆሙም። ለምን ያቆማሉ? ሦስት ሰንጋ በየቀኑ አይታረድ! በሉ፣ በሉ፣ አጥንቱን ጋጡ። ከዚያ አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ በዘንጋቸው ተደግፈው ተነሱ። «ጌታዬ፣ በላን፣ ጠገብን፣ አላህ ይስጥልን» አሉ። «ጾሙ ግን የአንቱ ነው።» አንካሳው ተነሳ። «አላህ ይስጥልን። ጾሙ ግን የአንቱ ነው።» ባሏ የሞተባት ተነሳች። «አላህ ይስጥልን። ጾሙ ግን የአንቱ ነው።» እንዲህ እያሉ ስልሳዎቹም እየመረቁ ወጡ።

የሹሙ ፊት በርበሬ መሰለ። «አንቺ ቡዳ!» ብሎ ጮኸ። «ከብት ሰጠሁ፣ እምቢ አልሽ! ድግስ ደገስኩ፣ እምቢ አልሽ! ምንድነው የምትፈልጊው?»

«አንተ እንድትጾም» አለች መሬማ።

አንቱ አላለችም። አንተ አለችው። ሹም አራጋውን አንተ ያለው ሰው እስከዚያ ቀን አልተወለደም ነበር። አሽከሮቹ ዱላቸውን ጨበጡ። ሹሙ ግን ዙሪያውን አየ። ማንም ወደ እሱ አላየም፤ ሰዉ ሁሉ መሬት መሬት ያያል። ያን ጊዜ ብቻውን እንደቀረ ገባው።

በማግስቱ ጾመ። ወራቱ በጋ ነው፣ ቆላው ይነዳል። አሥር ቀን ተቆጣ፤ ያገኘውን ሁሉ ሰደበ። ሃያኛው ቀን ላይ ቁጣው አለቀበት፣ ለመሳደብም ጉልበት ያስፈልጋል። በሠላሳኛው ቀን በቅሎው ላይ መውጣት አቃተው፣ በእግሩ ይሄድ ጀመር። በእግሩ ሲሄድ ጊዜ በማሳው ጥግ ያለፈውን የእግር መንገድ አየው። በአርባኛው ቀን እዚያ መንገድ ላይ ተቀምጦ ዋለ። ምን እንዳሰበ አልነገረንም። መሬማ እንደሁልጊዜው በመግሪብ ትመጣለች፣ ጠጠሯን ትጥላለች፣ ትሄዳለች። እሷም አትናገረው፣ እሱም አይናገራት።

በስልሳኛው ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መሬማ ልትሄድ ነጠላዋን ስታነሳ፣ ሹም አራጋው ራሱ ከደጇ ቆሞ አገኘችው። ብቻውን ነው፣ በእግሩ ነው የመጣው። ልብሱ እላዩ ላይ ተንጠልጥሏል። በዚያ ዘመን ሹም ቀርቶ ተራ ገበሬ እንኳን ከሸክላ ሠሪ ቤት ውሃ አይቀምስም።

«አልጮህኩም» አለ። «ዝንጀሮው እንዳያመልጠኝ ብዬ አልጮህኩም። እብሬን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

የልጁን ስም ሲጠራ ያን ቀን የመጀመሪያው ነው። መሬማ ግድግዳውን ይዛ ቆመች። አዛኑ ሲሰማ ወደ ውስጥ ገባች፣ በትንሽ ገንቦ ውሃ ቀድታ ወጣች፣ በገዛ እጇ ሰጠችው። ቢስሚላህ ብሎ ጠጣ። እየጠጣ አለቀሰ።

«አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ» አላት።

መሬማ ገንቦውን ከእጁ ተቀበለች። «የአላህን ጨርሰሃል» አለችው። «የኔ ልብ ግን የሹም አሽከር አይደለም፣ ሲጠሩት አይመጣም። በል ሂድ፣ ነገ ሥራ አለብኝ።»

በማግስቱ ከገደሉ ሥር ሄዳ አፈር ቆፈረች። የከለከላት የለም።

እነሆ ከዚያ ወዲህ በቡርቂቱ ሰው በድሎ ከፋራ የገባበት ሁሉ፣ ሀብታምም ይሁን ድሃ፣ የመጨረሻውን ቀን በቤቱ አያፈጥርም። በእግሩ ተነስቶ የበደለው ሰው ደጅ ይሄዳል፣ ጥፋቱን በአፉ ይናገራል፣ ውሃውን ከተበዳዩ እጅ ይቀበላል። የመሬማ ውሃ ይሉታል። ተበዳይም ውሃውን አልሰጥም አይልም። ውሃውን ሰጥቶ ግን አውፍ ሊልም ይችላል፣ በሩን ሊዘጋም ይችላል፤ ያ የራሱ ነው። አውፍ አልሽው ወይ ብሎ መጠየቅ በቡርቂቱ ነውር ነው። እናንተም አትጠይቁኝ።