የሰኞ እንባ

በመድረክና በፊልም አርባ ሁለት ዓመት የሠሩ አንድ አንጋፋ ተዋናይ ነበሩ። የሚሠሩበት ቴአትር ቤት አዲስ ሥራ አስኪያጅ ተሾመለት። ሰውየው ግጥም ይጽፋል፤ ባይጽፍ ግን ማንም አይቀየመውም ነበር። ዘወትር ሰኞ ጠዋት ሠራተኛውን ሁሉ አዳራሽ ሰብስቦ የጻፈውን ያነባል። ሌላው ሲያዛጋ አንጋፋው ተዋናይ ከፊት ተቀምጠው እንባቸውን በመሐረብ ይጠርጋሉ። ሥራ አስኪያጁም «እዚህ ቤት ግጥም የሚገባቸው እሳቸው ብቻ ናቸው» እያለ ይኩራራ ነበር።

ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። ከዚያ ሥራ አስኪያጁ የአዲሱን ቴአትር ዋና ሚና ለሚስቱ ወንድም መስጠት አማረው። አንድ ሰኞ ግጥሙን አንብቦ እንደጨረሰ አንጋፋውን ተዋናይ ሰው ሁሉ ፊት አስቆማቸው።

«ጋሼ፣ አርጅተዋል፤ ትወናዎ ሰው ማሳመን ትቷል» አላቸው። «አይደለም ካሉ እዚሁ አልቅሰው ያሳምኑኝ። ካልቻሉ ጡረታ ይውጡ።»

ሽማግሌው ገና ያልደረቀውን መሐረባቸውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

«ጌታዬ፣ ሰኞ ሰኞ ሳሳምንዎት ይኸው ሁለት ዓመቴ» አሉት።