«አረፈች» ያለው ሸማኔ

አንድ ሰው ነበረ፤ ሸማኔ ነው። የአራት ዓመት ልጁ የሚጥል በሽታ ነበረባት።

ሐኪሙ አንድ መድኃኒት ሰጠውና እንዲህ አለው፦ «ሲጥላት አምስት ደቂቃ ካለፈ ስጣት። አንዴ ብቻ። መንቀጥቀጡን ያቆመዋል፤ ትንፋሿንም ግን ሊያዳክመው ይችላል። በጎኗ አስተኛትና እስክትነቃ ድረስ ደረቷን እያየህ ተቀመጥ። ትንፋሿ ከተቆራረጠ ወይም ከንፈሯ ከጠቆረ ቶሎ አምጣት።»

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጣላት። ሰውየው ሰዓቱን አየ፤ አምስት ደቂቃ አለፈ፤ ሰጣት። ልኩን አልሳተም። ጥቂት ቆይቶ መንቀጥቀጡ ቆመ። በጀርባዋ አስተኛት፣ ከራሷ ሥር ወፍራም ትራስ አደረገላትና ወደ ሽመናው ተመለሰ።

ጎረቤቱ አሮጊት ከአጥር ማዶ «ልጅቷ እንዴት ሆነች?» አሉት።

«አረፈች።»

አሮጊቷ ኡኡ እያሉ ገብተው ልጅቷ ላይ ወደቁ።

«ኧረ እማማ፣ ምን ነካዎት! ተኝታ እኮ ነው!»

«አረፈች አላልከኝም? አንተ ሰው፣ በቁሜ ልትገድለኝ ነው?»

እንባቸውን ጠረጉ። አንድ እጃቸው ግን ከልጅቷ ደረት አልተነሳም። ፊታቸው ተለወጠ።

«ዝም በል እስቲ።»

ቀርቦ አየ። ደረቷ አልተነሳም። ቆየ። አንዴ ተነሳ። ደግሞ ቆየ። ትራሱ አገጯን ወደ ደረቷ ደፍቶታል፤ ከንፈሯ ጠቁሯል።

«ይሄ የእንቅልፍ ትንፋሽ አይደለም፣ ልጄ።»

ትራሱን ስቦ ወረወረው። በጎኗ አዞራት፤ አንገቷን አቃና። ትንፋሿ እያንኮራፋ መጣ። ታቅፏት ሮጠ። ጤና ጣቢያ ኦክስጅን ሰጧት፤ ከሰዓት በኋላ ነቅታ ውሃ ጠየቀች።

ለልጃቸው ይኸው መድኃኒት የታዘዘላቸው እትዬ ደብሪቱ፣ «ትንፋሽ የሚያዳክም ከሆነ ይህን መድኃኒት ለምን አልጥለውም?» ብለው ጠየቁኝ። ሰውየው መድኃኒቱን በመስጠቱ አልተሳሳተም፤ መንቀጥቀጡ ሳይቆም ቢቀጥል እሱም ይገድላል። የተሳሳተው ልጅቷ ዝም ስትል ሥራው ያለቀ ስለመሰለው ነው። መድኃኒቱ «አረፈች» እንደሚለው ቃል ነው፤ ዕረፍትም ሞትም በውስጡ አለ። የትኛው እንደሆነ ከአጥር ማዶ አይለይም፤ የሚለየው እጅን ደረት ላይ አኑሮ ነው። እንግዲህ እትዬ፣ ለልጅዎ መድኃኒቱን ሰጥተዋት ሰው «እንዴት ሆነች?» ቢልዎት፣ «አረፈች» አይበሉ። «ቆይ፣ ልያት» ይበሉ።