የእንጓይ ማርያም ባዶ ክንፎች

እስቲ ቀረብ በሉ ልጆቼ። ይህ የሆነው ድሮ ነው፤ እጅግ ድሮ። ያ ማዶ ራቁቱን የቀረው ጋራ በዝግባ ተሸፍኖ ሳለ፣ የኔም አያት ገና ሳይወለድ። እኔም ሰምቼ ነው፤ የነገሩኝም ሰምተው ነው።

በዚያ ዘመን እንጓይ በምትባል መንደር እንግዳሸት የሚባል ሠዓሊ ነበር። ሚስት አላገባም፤ መሬትም አልነበረው። ከማርያም ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር በአንዲት ጎጆ ይኖር ነበር። ቀዩን ከአፈር፣ ጥቁሩን ከጥላሸት፣ አረንጓዴውን ከቅጠል እያወጣ ቅዱሳንን ይሥላል። ከሌሎች ሠዓሊዎች የሚለየው አንድ ነገር ነበር፤ ሆደ ቡቡ ነው። ለሚሥለው ሰው ያዝንለታል። ሲያዝንለት ያለቅሳል። እያለቀሰ ይሥላል። "የእንግዳሸት ሥዕል አይደለም፤ ለቅሶ ቤት ነው" እያሉ ባልንጀሮቹ ይስቁበት ነበር።

መጀመሪያ ይህ ሆነ። የደብሩ አለቃ መምሬ ገላው፣ ሄሮድስ ያስፈጃቸውን የቤተ ልሔም ሕፃናት እንዲሥል አዘዙት። ሣለ። ሕፃናቱን ሣለ፤ እናቶቹን ሣለ፤ ጎራዴ የመዘዙትን ወታደሮች ሣለ። እንደምታውቁት በኛ አገር ሥዕል ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ይታያል፤ ክፉ ግን በጎን ሆኖ በአንድ ዓይኑ። እንግዳሸት ወታደሮቹንም በሁለት ዓይን ሣላቸው። መምሬ ገላው ደነገጡ።

"ምን ነካህ? ነፍሰ ገዳዮቹን ከጻድቃን ልትደምራቸው ነው?"

"አባቴ፣ እነሱንም እናት ወልዳቸዋለች። አንድ ዓይናቸውን ልደብቅ ስል እጄ እምቢ አለኝ።"

መምሬ ገላው አጉረመረሙ፤ ግን ተዉት። በበዓሉ ቀን ሴቶቹ ሥዕሉን አይተው ደረታቸውን መቱ፤ ለቅሶው የቅዳሴውን ዜማ ዋጠው። ከዚያ ወዲህ በእንግዳሸት የሳቀ የለም።

ቀጥሎ ፈንጣጣ ገባ። ሕፃን ያልቀበረ ቤት አልነበረም። አንድ ቀን ደብሪቱ የምትባል እናት ወደ ጎጆው መጣች።

"አያ እንግዳሸት፣ የልጄ መልክ እየጠፋብኝ ነው። ዓይኔን ስጨፍን አይመጣልኝም። ሣልልኝ።"

አስቀመጣት። "ሲስቅ እንዴት ነበር? ሲኮርፍስ ከንፈሩ እንዴት ይሆናል?" እያለ ጠየቃት። እሷ እየተናገረች እያለቀሰች፣ እሱም እየሰማ እያለቀሰ ዋሉ። ከዚያም መምሬ ገላውን አስፈቅዶ በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ሴቶች ከሚቆሙበት በላይ ባለው ጣሪያ ላይ መላእክት ሣለ። ክንፎቹን ሁሉ አስቀድሞ ሣለ፤ በየክንፉ መካከል የአንድ ሕፃን ፊት ያገባ ጀመር። የደብሪቱ ልጅ መጀመሪያ ገባ፤ ጥርሰ ፍንጭት ነበርና ፍንጭቱም አልቀረ። ሌሎቹ እናቶችም መጡ። ሁሉንም ጠየቀ፤ ሁሉንም ሣለ። ሴቶቹ ቅዳሴ ቆመው ቀና ሲሉ ልጆቻቸውን ያዩ ነበር።

ሦስተኛው ግን፣ ልጆቼ፣ ባይሆን ይሻል ነበር።

አበጋዝ የሚባል ሽፍታ ነበር። በአዝመራ ወቅት መንደሯን ዘርፎ ጎተራዎቹን አቃጥሏል። አንድ ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ሚስቱ ማንጠግቦሽ ከገደል ሥር ካለው መሸሸጊያቸው ዋሻ ወጥታ መጣች። ነጠላዋ ተቀዷል። ሴቶቹ ገና አልተበተኑም። እንግዳሸት መሰላሉ ሥር ቆሞ ቀለም ይበጠብጣል። እግሩ ላይ ወደቀች።

"አያ እንግዳሸት፣ የኔም ልጅ በፈንጣጣ ሞቷል። የኔንም ሣልልኝ።"

ሴቶቹ አጉረመረሙ። ደብሪቱ ወደ ፊት ወጣች። "አባቱ እህላችንን አቃጥሎ! ከልጄ ጎን? በማርያም፣ እሱ ከተሣለ እዚህ ደጅ አልደርስም!" ሌሎቹም "እኛም! እኛም!" አሉ።

እንግዳሸት ማንጠግቦሽን አየ። ሴቶቹን አየ። እነዚያን ሴቶች ይወዳቸው ነበር፤ እነሱም ከወንድም አብልጠው ይወዱት ነበር። ያ ፍቅር እንዳይጎድልበት ፈራ። አንገቱን ደፋና፣

"ቦታ የለም፣ እቴ" አላት።

ማንጠግቦሽ ቀና አለች። ከራሱ በላይ ፊት ያልገባባቸው አንድ ጥንድ ክንፎች ነበሩ። ረጅም ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ እሱን አየችው።

"እውነትህን ነው" አለች፤ ተነሥታም ሄደች።

እንግዳሸት በዚያው ሳምንት መሰላሉ ላይ ወጣ። ብሩሹን ቀለም ውስጥ ነከረ፤ ወደ ባዶዎቹ ክንፎች አነሣ፤ እጁ እዚያው ቀረ። ምን ይሣል? አልጠየቃትም። ሲስቅ እንዴት እንደነበር አላወቀም። ስሙን እንኳ አላወቀም።

ወርዶ ወደ ገደሉ ሄደ። ዋሻው ውስጥ ያገኘው ቀዝቃዛ አመድ ብቻ ነው። ወንዙን ተሻገረ፤ በየገበያው ጠየቀ፤ በየገዳሙ ጠየቀ። "የአበጋዝን ሚስት ያየ? የልጇን መልክ የሚያውቅ?" ሽፍታውን ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ ልጁን ልብ ብሎ ያየ ግን አልነበረም። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ፍለጋ ይሄዳል፤ ክረምቱ ሲገባ ባዶውን ይመለሳል። ደብሪቱ ሲጎሳቆል አይታ አዘነች። "አያዬ፣ በቃ፣ የሆነ ፊት ሣልበት፤ ማን ያውቃል?" አለችው።

"እሷ ታውቃለች" አላት።

ሌላ ሥዕል አልሣለም። ዕንባው እንኳ ደረቀ ይባላል፤ ያ ሆደ ቡቡ ሰው። አርጅቶ ሲሞት ደብሪቱ ናት የገነዘችው።

ቤተ ክርስቲያኑ ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ታድሷል። አዲስ ሠዓሊ በመጣ ቁጥር የእንጓይ ሴቶች አስቀድመው የሚያሳዩት እነዚያን ክንፎች ነው፤ እንዳይነካቸውም ያስምሉታል። በእንጓይ ሠርግ ቢሆን፣ ለቅሶ ቢሆን፣ አንድ ሰው ለመጣ እንግዳ "ቦታ የለም" ካለ ማንም አይከራከረውም። የተቀመጠው ሁሉ፣ ክንፎቹ እዚያ ያሉ ይመስል፣ ቀና ይልና ጣሪያውን ያያል። ያን ጊዜ ተናጋሪው አፍሮ ለእንግዳው ፈቀቅ ይላል።

የዚያ ሕፃን ስም ግን፣ ልጆቼ፣ አልደረሰንም።